አሮጌው ሲስተም መቼ ይዘጋል?

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዲስ የመረጃ ቴክኖሎጂ ለማስገባት ሲነሳ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ስንት ያስወጣል? መቼ ሥራ ይጀምራል? ሠራተኛውን ማን ያሠለጥናል? ደኅንነትን በተመለከተም መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ፋየርዎሉ (ወደ ኔትወርኩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው መከላከያ) ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አቅራቢው ድርጅት ምን የምስክር ወረቀት እንዳለው ይጠየቃል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአይቲ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ግን ስጠብቀው የኖርኩትና ከኃላፊዎች አፍ እምብዛም ያልሰማሁት ጥያቄ ሌላ ነው፤ አሮጌው ሲስተም መቼ ይዘጋል? የሚዘጋውስ ማን ነው?

ጥያቄው ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ቴክኖሎጂን ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ሲስተም የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ከጎኑ የተረሳ ሰርቨር፣ ባለቤቱ ሥራ የለቀቀ አካውንት ወይም ለሙከራ ተብሎ የተገለበጠ ዳታቤዝ እስካለ ድረስ ጥቃት ፈጻሚው አዲሱን የመነካካት ግዴታ የለበትም።

አዲስ ሲስተም የሚመረቅበት ቀን አለው። ኃላፊው ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዜና ይሠራል። አሮጌው የሚሰናበትበት ቀን ግን በፕሮጀክት ዕቅዱ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም «ሽግግሩ ሲጠናቀቅ» በሚል ሐረግ ይታለፋል። አዲሱ ከተከፈተ በኋላ፣ አሮጌው ከመዘጋቱ በፊት ያለው ይህ መካከለኛ ጊዜ በጥቂት ወራት ያልቃል ተብሎ ተጀምሮ ዓመታት ሲያስቆጥር ማየት ብርቅ አይደለም። በእኔ ግምት መሥሪያ ቤቱ ከምንጊዜውም በላይ የሚጋለጠውም በዚሁ ወቅት ነው።

በሽግግር ጊዜ የሚሆነውን ቀርቦ ያየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። መረጃው ወደ አዲሱ እንዲሻገር መጀመሪያ በፋይል ይወጣል፤ ፋይሉ በአንዱ ባለሙያ ላፕቶፕ ላይ ይስተካከላል፣ በፍላሽ ይዞራል፣ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ መጨረሻ» በሚሉ ስሞች ይባዛል። አዲሱን የሚገነባው ድርጅት ሥራው እንዳይጓተት ሙሉ ሥልጣን ያለው የአድሚን አካውንት ይሰጠዋል፤ የይለፍ ቃሉንም በፕሮጀክቱ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ሲስተሞች እንዲገናኙ በፋየርዎሉ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ መንገድ ይከፈታል። የሙከራ ሰርቨሩ ላይ የሚጫነው መረጃ የእውነተኛ ዜጎች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የግብር መለያ ነው፤ በፈጠራ መረጃ የተሞከረ ሲስተም እውነተኛው ሲመጣ ይሰናከላል የሚል በቂ ምክንያትም ይቀርብለታል። እያንዳንዱ ውሳኔ በተወሰነበት ሰዓት ስሜት የሚሰጥ ስለሆነ ማንንም ቸልተኛ ለማለት ይከብዳል። ችግሩ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም በዝርዝር አለመያዙ ነው፤ ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ የሚዘጋው ሰው አያገኝም።

ይህ አቅም የሌላቸው መሥሪያ ቤቶች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከሩሲያ የስለላ ተቋም ጋር እንደሚሠራ የሚነገርለት ቡድን ወደ ማይክሮሶፍት የገባው በአንድ አሮጌ የሙከራ አካውንት በኩል ነበር። አካውንቱ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበረውም፤ የተለመዱ የይለፍ ቃላትን እያፈራረቁ በመሞከር ብቻ ተከፈተ። ሰርጎ ገቦቹ ከዚያ ተነስተው የከፍተኛ አመራሮችን ኢሜይል አነበቡ፤ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከኩባንያው ጋር የተለዋወጧቸው መልእክቶችም ስለተወሰዱ የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ በኤፕሪል 2024 አስቸኳይ መመሪያ ለማውጣት ተገደደ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሜይ 2021፣ ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን መስመሩን ለቀናት የዘጋው ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ባልተሰረዘ የርቀት መግቢያ አካውንት በገቡ ወንበዴዎች ምክንያት ነው። ሁለቱም በዓለም ላይ ካሉት ዘመናዊ የመከላከያ መሣሪያዎች የሚፈልጉትን መግዛት የሚችሉ ድርጅቶች ነበሩ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የ2023ቱ ሌላ ክስተት ነው። ከቻይና ጋር የተያያዘ ነው የተባለ ቡድን የአሜሪካን የውጭ ጉዳይና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ጨምሮ የበርካታ ተቋማትን የክላውድ (በኢንተርኔት በኩል በሩቅ ሰርቨሮች ላይ የሚቀመጥ) ኢሜይል ያነበበው በእጁ በገባ አንድ የማይክሮሶፍት የመፈረሚያ ቁልፍ፣ ማለትም ገቢው ሰው ትክክለኛ ተጠቃሚ መሆኑን ለሲስተሙ በሚያረጋግጥ ምስጢራዊ ኮድ ነው። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት ቦርድ ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ቁልፉ የተፈጠረው በ2016 ሲሆን በማርች 2021 ከአገልግሎት መውጣት ነበረበት። በወቅቱ ቁልፎቹ በሰው እጅ ይቀየሩ ነበር፤ ቅያሬው አንድ ጊዜ የአገልግሎት መቋረጥ ስላስከተለ ሥራው እንዲቆም ተደረገ፤ በቦታው አውቶማቲክ አሠራር ሳይተካ ቀረ። ማንም አዲስ በር አልሰበረም፤ መዘጋት የነበረበት ሳይዘጋ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። አሮጌው የሚቆየው በስንፍና ብቻ አይደለም። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ (ራንሰምዌር) ዋናክራይ በሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያዳርስ በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 81 ያህሉን ነካ፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። በጊዜው ብዙ ሰው «ለምን አላዘመኑም?» ብሎ ተቆጣ። በሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው ግን መልሱን ያውቃል፤ የምስል መመርመሪያ መሣሪያው ኮምፒውተር ከማሽኑ ጋር ተገዝቶ የመጣ ነው፣ አምራቹ ሳይፈቅድ አይነካም፣ ማሽኑ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መዝጋት አይቻልም፤ ከቀሪው ኔትወርክ መነጠል ግን ይቻላል። አሮጌው ለምን እንደሚቆይ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና በምን እንደታጠረ በጽሑፍ የተቀመጠ ከሆነ ጥያቄዬ ተመልሷል ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ማንም ሳይወስን የቀረው ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ አዲሱ ሳይጸና አሮጌውን መዝጋት። ደቡብ ኮሪያ በዲጂታል መንግሥት አገልግሎት ከዓለም ቀደምት ከሚባሉት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ በሚገኘው የብሔራዊ የመረጃ ሀብት አገልግሎት የዳታ ማዕከል ባትሪዎች ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወሩ እሳት ተነሳ፤ 709 የመንግሥት ሲስተሞችም ቆሙ። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት «ጂ-ድራይቭ» የተባለው የክላውድ ማከማቻ ግን 858 ቴራባይት መረጃውን ይዞ ጠፋ፤ መጠኑ ትልቅ ነው በሚል ምክንያት በሌላ ቦታ መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረውም። ሠራተኞቹ ሰነዶቻቸውን በየኮምፒውተራቸው ከማኖር ይልቅ እዚያ እንዲያስቀምጡ የታዘዙት ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ነበር። ትእዛዙን በጥብቅ የተከተለው የሰው ኃይል አስተዳደር ሚኒስቴር ከሁሉም በላይ ተጎዳ። ታዛዥ መሥሪያ ቤት ካልታዘዙት ይልቅ የተቀጣበትን ይህን ታሪክ በየጊዜው አስታውሰዋለሁ፤ «ሁሉንም ወደ ክላውድ» የሚል ሰርኩላር ባየሁ ቁጥርም መጠባበቂያ ቅጂው በየትኛው ሕንፃ እንዳለና በቅርቡ ከቅጂው መረጃ ለመመለስ የተሞከረው መቼ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲቀርብ ስብሰባው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

የመዝጊያው ጉዳይ የሚወሰነው በቴክኒክ ክፍል ሳይሆን በግዥ ክፍል ነው፤ ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ ያልተጻፈ ነገር ከርክክብ በኋላ አይገኝም። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ የሚደረግ ግዥን ያየ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ያስታውሳል፤ ዝርዝር መግለጫው ከሌላ መሥሪያ ቤት ይገለበጣል፣ የደኅንነት ክፍሉ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል፣ ገንዘቡ እንዳይመለስ ብቻ ውል ይፈረማል። በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ አቅራቢው የተሰጡትን አካውንቶች በሙሉ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እንዲያስረክብና እንዲያዘጋ የሚያስገድድ ቃል ፈልጌ ያጣሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የሙከራ መረጃው ስለመደምሰሱም፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ከዚህ አቅራቢ ጋር መለያየት ቢፈልግ መረጃውን በሌላ ሲስተም ሊነበብ በሚችል ቅርጽ ስለመረከቡም አይጻፍም። ውል ሲፈረም ስለ መለያየት ማንሳት ነውር ይመስላል መሰለኝ። ከተለያዩ በኋላ ግን የሚደራደሩበት አቅም አይኖርም።

የአቅራቢው አካውንት ቀላል ነገር አለመሆኑን የአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ በከባድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ጥቃት የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የማንነት ማጣሪያ መረጃና የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራ ተሰረቀ፤ ሰርጎ ገቦቹ ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የአንድ ኮንትራክተር መግቢያ ነበር። የቢሮው ኃላፊ መረጃው ለምን ኢንክሪፕት እንዳልተደረገ (በምስጠራ እንዳልተቆለፈ) በምክር ቤት ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ሲስተሞች ከማርጀታቸው የተነሳ እንደማይቻል መልሰዋል። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የተሰረቀ የጣት አሻራ ግን ለባለቤቱ ዕድሜ ልክ የተሰረቀ ነው። ዛሬ በየአገሩ መሥሪያ ቤቶች አሻራ ለመሰብሰብ ሲሽቀዳደሙ ይህ አሃዝ በጨረታ ኮሚቴዎች ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እመኛለሁ።

ከግዥ ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ ልጨምር። ከላይ ያነሳሁት የ2023ቱ የኢሜይል ጥቃት የተደረሰበት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ክፍያ የሚጠየቅበትን የአገልግሎት ደረጃ ስለገዛና ማን የትኛውን ኢሜይል እንደከፈተ የሚያሳየው ሎግ ስለነበረው ነው። በዝቅተኛው ደረጃ የነበሩት ተቋማት ይህን የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ኩባንያው ከነቀፋ በኋላ ሎጉን ለብዙ ደንበኞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከፈተ። በዋጋ ንጽጽር ሠንጠረዥ ላይ ሎግ እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ሲሰረዝ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ብዙም አልተደነቅሁም።

ስለ ሠራተኛው ሲወራ ደግሞ ንግግሩ በፍጥነት ወደ ወቀሳ ይሄዳል። «ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ይጽፋል»፣ «ሰነድ በቴሌግራም ይልካል»፣ «ግንዛቤ የለውም» ይባላል። በሰበሰብኩት ልምድ ሠራተኛው ወደ አሮጌው መንገድ የሚመለሰው አዲሱ ሥራውን ስለሚያጓትትበት ነው። ደብዳቤ በአዲሱ ሲስተም ለመምራት ብዙ ገጾችን ማለፍ ካስፈለገ፣ የመግቢያው ገጽ በየጥቂት ደቂቃው ካስወጣው፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር አንድ ሰነድ በጋራ ማረም ካልቻለ በስልኩ ያለው መተግበሪያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይፈታለታል። መሥሪያ ቤቱም ሳያውቀው ሦስተኛ ሲስተም ይኖረዋል፤ ይኸኛውን ማንም አልገዛውም፣ ማንም አይቆጣጠረውም፣ የሚዘጋውም የለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂ ነገሩን አፋጥኖታል፤ ረጅም ሪፖርት እንዲያሳጥርለት ሚስጥራዊ ሰነድ በነፃ አገልግሎት ላይ የሚለጥፍ ባለሙያ መመሪያ ለመጣስ አስቦ አይደለም፤ ሪፖርቱ ለነገ ጠዋት ስለሚፈለግ ነው። ክልከላ ብቻውን ይህን ሲያቆም አላየሁም፤ የተፈቀደ አማራጭ በእጁ ሲኖር ግን የሚተዉት ብዙዎች ናቸው።

መመሪያዎቻችንም አንዳንዴ ራሳቸው ያረጁ ናቸው። የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይቀየር የሚለውን ደንብ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ትቶታል፤ መጋለጡ ሲታወቅ ብቻ ይቀየር፣ ርዝመቱ ይብለጥ አለ። ምክንያቱም ሰው በየጊዜው እንዲቀይር ሲገደድ መጨረሻው ላይ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ከተባለ ዓመታት አልፈው አሮጌውን ደንብ በአዲስ ሲስተም ውስጥ አስገድደው የሚያስገነቡ መሥሪያ ቤቶች አሁንም አሉ፤ ሲስተሙ ይቀየራል፣ ደንቡ አብሮ ይሻገራል።

የሠራተኛ ስሕተት ተብሎ የሚታለፈው ነገር ወደ ኋላ ሲጠና ብዙ ጊዜ የአሠራር ውሳኔ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ የግብርና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ የያዙ ሁለት ሲዲዎችን በመልእክተኛ ልኮ አጣቸው። ጥፋቱ መጀመሪያ በአንድ ዝቅተኛ ሠራተኛ ላይ ተነገረ። ሲዲዎቹን የጠየቀው የኦዲት መሥሪያ ቤት ግን የባንክ ዝርዝሩ እንዲወጣለት ጠይቆ ነበር፤ መረጃውን ለይቶ ማውጣት ተጨማሪ ወጪ ስለሚጠይቅ ሙሉው ተገልብጦ ተላከ። አንድ ሲስተም «የሚያስፈልገውን ብቻ አውጣ» የሚል ቁልፍ ከሌለው ሰው ሁሉንም ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አዲስ ሲስተም ስገመግም ከሚያብረቀርቁት ገጾች በፊት የማየው መረጃ የሚወጣበትን መንገድ ነው።

መለወጥ ሲያስፈልግ መለወጥ የሚችል መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት ኢስቶኒያን መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ክረምት ማብቂያ ላይ የቼክ ተመራማሪዎች በመታወቂያ ካርዶች ቺፕ ላይ የሚፈጠሩት ምስጢራዊ ቁልፎች በሌላ ሰው በስሌት ሊገኙ እንደሚችሉ አሳወቁ፤ ወደ 760,000 የሚጠጉ የኢስቶኒያ ካርዶች ተነኩ። መንግሥት ጉዳዩን ራሱ ለሕዝብ ተናገረ፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ላይም ያልታደሱትን ካርዶች የዲጂታል ማረጋገጫ አገደ። ያዳናቸው ካርዱ ሌላ ዓይነት የምስጠራ ስልት መሸከም መቻሉና ባለቤቱ በርቀት ከኮምፒውተሩ ማደስ መቻሉ ነው። ይህ አቅም በአደጋው ሳምንት የተፈለሰፈ አይደለም። አገሪቱ ቀደም ብላ ከ13 ዓመት በላይ ያረጀ ወሳኝ የመንግሥት ሲስተም እንዳይኖር የሚል መርህ ይዛ ነበር። ቁጥሩ 13 ይሁን 10 ብዙ አያጨቃጭቀኝም፤ ዕድሜ አስቀድሞ መወሰኑ ግን አሮጌውን ለመዝጋት በየጊዜው አዲስ ክርክር እንዳያስፈልግ ያደርጋል።

ተመሳሳይ ፈተና በሁሉም መሥሪያ ቤት ደጅ እየመጣ ነው። የዛሬውን ምስጠራ ሊሰብር ይችላል ተብሎ የሚፈራውን የኳንተም ኮምፒውተር የሚቋቋሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የምስጠራ ደረጃዎች በኦገስት 2024 ጸድቀዋል፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ስልቶች በሚቀጥሉት ዓመታት መተካት ይኖርባቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ የትኛው ሲስተም በየትኛው ስልት እንደሚጠቀም ዝርዝር መያዝ ነው። ያላቸውን አካውንቶች እንኳ ዘርዝረው ለማያውቁ መሥሪያ ቤቶች ይህ ከየት እንደሚጀመር ሳስብ ሽግግሩ እንደሚረዝም ይሰማኛል።

ለዚህ ነው ዛሬ ማንኛውም የፕሮጀክት ዕቅድ ሲቀርብልኝ የመዝጊያ ገጽ እንዲኖረው የምጠይቀው፤ የሚዘጉት አካውንቶች፣ የሚደመሰሱት ቅጂዎች፣ የሚነሱት የፋየርዎል ፈቃዶች፣ ቀኑና ፈራሚው። ፈራሚው የአይቲ ኃላፊው እንዲሆን አልመክርም። የአይቲ ኃላፊ ሰርቨር ማጥፋት ይችላል፤ «ይህ መረጃ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ማለት የሚችለው ግን በመረጃው የሚሠራው ክፍል ኃላፊ ነው፤ እርሱ ሳይፈርም የጠፋ ሰርቨር በአንድ የስልክ ጥሪ ተመልሶ ይበራል። ብዙ ጊዜ ለመፈረም የሚያመነታው አሮጌ ፋይሎች ለፍርድ ቤት ወይም ለኦዲት ቢጠየቁስ በሚል ስጋት ሲሆን፣ ስጋቱ ትክክለኛ ነው። መፍትሔው ሲስተሙን ማቆየት አይደለም፤ መዝገቦቹን ያለ ዋናው ሶፍትዌር ሊነበቡ በሚችሉ ቅርጸቶች አውጥቶ፣ ከኔትወርክ ውጪ በሁለት ቦታ አስቀምጦ፣ ከመዘጋቱ በፊት ናሙና እያነሱ ከአሮጌው ጋር ማመሳከር ነው። ለዚህ ማመሳከር ከፕሮግራመሮቹ ይልቅ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ይረዱኛል፤ የትኛው ዓመት መዝገብ ሳይገባ እንደቀረ፣ የትኛው ባለጉዳይ በሁለት ስም እንደተመዘገበ፣ የትኛው ደብዳቤ ዓባሪው እንደሌለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በሽግግር ኮሚቴ ውስጥ ግን ስማቸውን እምብዛም አላገኘውም።